ለጥቂቶች የሚደረግ ድጋፍና የብዙኃኑ ተማሪዎች ትምህርት



በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ጉዳይ በየወላጆች ስብሰባ፥ በየመምህራን ማረፊያ ክፍል፥ አንዳንድ ጊዜም በየመሥሪያ ቤቱ በሻይ ሰዓት ሲነሣ የሚሰማ ነው። ይኸውም በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ማየት ወይም መስማት የተሳነው፥ ወይም በእግሩ እንደ ልቡ መሄድ የማይችል፥ ወይም ትምህርት ቶሎ የማይገባው ልጅ ሲኖር፥ ለእርሱ የሚደረገው ልዩ ድጋፍ የሌሎቹን ተማሪዎች ትምህርት ይጎዳል ወይስ አይጎዳም የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ቀላል መስሎ ቢታይም የሁለት ወገን መብት የሚነካ ስለ ሆነ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል። አካል ጉዳተኛው ልጅ መማር መብቱ ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠውም ልጅ በሚገባ መማር መብቱ ነው። የአንዱን መብት ለማክበር የሌላውን መርሳት ፍትሕ አይባልም።

ነገሩ በሐሳብ ብቻ ተንሳፎ እንዳይቀር፥ በአዲስ አበባ ምዕራብ የሚገኘውን የኮልፌ ቀራኒዮን ክፍለ ከተማ ምሳሌ አድርገን እንመልከት። በዚህ ክፍለ ከተማ በዘነበወርቅ ሠፈር፥ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው የአለርት ማዕከል ይገኛል። ማዕከሉ በመጀመሪያ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ለማከምና ባለሙያዎችን ለማሠልጠን የቆመ ሲሆን፥ ዛሬ ጠቅላላ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ነው። በቀራኒዮ በኩል ደግሞ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋመው የአልፋ ትምህርት ቤት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሲያስተምር ኖሯል። ከአየር ጤና ተነሥተው የጅማን መንገድ ይዘው ቢሄዱ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰበታ ይደርሳሉ፤ በዚያም ዓይነ ሥውራን ልጆች በአዳሪነት የሚማሩበት የመርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት አለ። እንግዲህ አካባቢው ለጉዳዩ እንግዳ አይደለም። ዳሩ ግን በልዩ ትምህርት ቤት ቦታ የሚያገኘው ልጅ ጥቂት ነው፤ የቀረው በሠፈሩ ባለው በተራው ትምህርት ቤት፥ ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ወንበር ላይ መቀመጥ አለበት። የዛሬው ንግግራችንም ስለዚያ ወንበር ነው።

በመጀመሪያ ሕጉ ምን እንደሚል እናስታውስ። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41፥ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች ድጋፍ ለመስጠት ገንዘብ እንዲመድብ ያዝዛል። በሰኔ ወር 1986 ዓ.ም. በእስፓኝ አገር በሳላማንካ ከተማ የ92 መንግሥታት መልእክተኞች ተሰብስበው፥ ተራው ትምህርት ቤት ልዩ ድጋፍ የሚሹትን ልጆች ጭምር ሊቀበል እንደሚገባው ተስማምተዋል። አገራችንም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። በዚህ ስምምነት ውስጥ ለዛሬው ጥያቄያችን የሚጠቅም አንድ ቃል ይገኛል። ስምምነቱ ለአካል ጉዳተኛ ሊደረግ የሚገባውን ማመቻቸት ሲተረጉም፥ አስፈላጊና ተገቢ የሆነ፥ ነገር ግን ከመጠን ያለፈ ሸክም የማያመጣ ማስተካከያ ነው ይላል። ሕጉ ራሱ ሚዛን ይዟል ማለት ነው። ጥያቄው ሸክሙ ምን ያህል ነው? ማንስ ይሸከመው? የሚለው ነው።

አሁን ደግሞ ቅሬታ ያላቸውን ወላጆች ቃል በቅን ልብ እንስማ። አንድ የአንደኛ ደረጃ ክፍል 50 ተማሪዎች አሉት እንበል። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። መምህሩ ጊዜውን እኩል ቢያካፍል ለእያንዳንዱ ልጅ የሚደርሰው 48 ሴኮንድ ብቻ ነው። መምህሩ ለአንድ ልጅ ለብቻው 10 ደቂቃ ቢሰጥ፥ ለቀሩት 49 ልጆች የሚተርፈው ለእያንዳንዳቸው 37 ሴኮንድ ያህል ይሆናል። ወላጁ፦ «ልጄ ከሰሌዳው የተጻፈውን ሳይጨርስ ተደወለ፤ ምዕራፉም ሳያልቅ ፈተና ደረሰ» ቢል የክፋት ቃል ተናገረ ልንለው አይገባም። ይህን ስሌት እንደሌለ ቆጥሮ «አካቶ ማስተማር ግዴታ ነው» ብሎ ማዘዝ፥ መምህሩን በሁለት ወገን ተወቃሽ ከማድረግ በቀር አንድም ልጅ አያስተምርም።

ሆኖም ስሌቱ ድጋፍን ሁሉ በአንድ መስፈሪያ ስለ ሰፈረ ስሕተት አለበት። ድጋፍ ሁሉ ጊዜ የሚወስድ አይደለም። ስለዚህ በሦስት ክፍል ለይተን እንመልከተው።

አንደኛው፥ ለአንዱ ተብሎ የሚደረግ፥ ሁሉን ግን የሚጠቅም ነው። መምህሩ በሰሌዳ ላይ የሚጽፈውን ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ እያነበበ ቢጽፍ፥ ዓይነ ሥውሩ ተማሪ ይከተለዋል፤ በኋላ መደዳ ተቀምጦ ጽሕፈቱ የማይታየውም ልጅ ይከተለዋል። ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ከመናገር ይልቅ ወደ ተማሪዎቹ ዞሮ ቢናገር፥ ጆሮው የደከመው ልጅ የከንፈሩን እንቅስቃሴ ያያል፤ የቀሩትም ቃሉን በጥራት ይሰማሉ። «ይህን ከዚህ ጋር ደምሩት» በማለት ፈንታ «ሰባትን ከአሥራ ሁለት ጋር ደምሩት» ቢል የሚያጠፋው ጊዜ የለም። በትምህርቱ መጨረሻ ዋና ዋናውን ነጥብ በሦስት መስመር ቢጽፍ፥ ቀስ ብሎ የሚገባው ልጅ መያዣ ያገኛል፤ ፈጣኑም ለጥናት ይጠቀምበታል።

ሕንፃውም እንዲሁ ነው። የኮልፌ መሬት በብዙ ስፍራ ተዳፋት ነው፤ በክረምትም ጭቃው ብርቱ ነው። በደረጃው ጎን የሚሠራው ዘቅዘቅ ያለ መወጣጫ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄደው ልጅ የታሰበ ቢሆንም፥ ነፍሰ ጡሯ መምህርት፥ ያረጁት ዘበኛና የውሃ ጀሪካን የተሸከመችው የጽዳት ሠራተኛም ይሄዱበታል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36፥ ማንኛውም የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖረው ደንግጓል። መወጣጫው ሕንፃው ሲታነፅ አብሮ ቢሠራ ወጪው ትንሽ ነው፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ አፍርሶ መሥራት ግን ብዙ ያስወጣል።

ለአንድ ሰው ተብሎ የተሠራ ነገር ለብዙዎች መትረፉ በእኛ ዘመን የተጀመረ አይደለም። እርስዎ በመሥሪያ ቤትዎ የሚያውቁት የጽሕፈት መኪና ከመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አንዱ፥ በ1808 ግድም በአውሮጳ አቆጣጠር፥ ፔሌግሪኖ ቱሪ የሚባል ኢጣልያዊ ለአንዲት ዓይነ ሥውር ወይዘሮ በእጅዋ ደብዳቤ እንድትጽፍ ብሎ የሠራው መሆኑ ይነገራል። ዛሬ በኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ደብዳቤ የሚመታ ጸሐፊ ሁሉ የዚያ አሳብ ወራሽ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው የድጋፍ ዓይነት፥ አንዱን ብቻ የሚጠቅም፥ ሌላውን ግን የማይነካ ነው። ዓይነ ሥውሩ ተማሪ ፈተናውን በብሬል ቢያገኝ፥ ወይም በሌላ ክፍል አንባቢ ቢመደብለትና ጭማሪ ሰዓት ቢሰጠው፥ ከጓደኛው ውጤት ላይ የሚቀነስ ነጥብ የለም። ለምን ጭማሪ ሰዓት እንደሚያስፈልገው ለማያውቅ ሰው ግን አድልዎ ሊመስለው ስለሚችል፥ አሠራሩን በአጭሩ እናስረዳ።

የብሬልን ጽሕፈት የፈጠረው ሉዊ ብሬል በ1809 በፈረንሳይ አገር የተወለደ፥ አባቱ የፈረስ ዕቃ የሚሠራ ባለሙያ የነበረ ሰው ነው። በሦስት ዓመት ዕድሜው በአባቱ ወስፌ ሲጫወት ዓይኑን ወጋ፤ በኋላም ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። በ15 ዓመቱ፥ በ1824፥ በስድስት ነጥቦች ላይ የተመሠረተውን ጽሕፈት አዘጋጀ። ጽሕፈቱ የሚጻፈው ወፍራም ወረቀት በሰሌዳው መካከል ተደርጎ፥ ወስፌ በሚመስል መውጊያ ነጥብ በነጥብ በመውጋት ነው። ነጥቡ በወረቀቱ ጀርባ ጎልቶ ስለሚወጣ፥ ጸሐፊው ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ወረቀቱን ገልብጦ ከግራ ወደ ቀኝ በጣቱ ያነባል። በአማርኛ ሲሆን ደግሞ የፊደሉ ድምፅና አናባቢው በየራሳቸው ምልክት ስለሚጻፉ፥ እኛ በአንድ ፊደል የምንጽፈው ብዙውን ጊዜ ሁለት ምልክት ይፈልጋል። እንግዲህ እኩል የሚያውቁ ሁለት ተማሪዎች በእኩል ሰዓት እኩል ሊጽፉ አይችሉም። ጭማሪው ሰዓት የእጅን ሥራ ለማካካስ የሚሰጥ ነው፤ የዕውቀት ምጽዋት አይደለም።

እዚህ ላይ የነገሩን ሥር እናገኛለን። ትክክለኛ ድጋፍ መንገዱን ይለውጣል እንጂ መለኪያውን ዝቅ አያደርግም። ይህን ያልለየ ርኅራኄ ጉዳቱ ብዙ ነው። በየትምህርት ቤቱ ከሚታየው አንዱ፥ ዓይነ ሥውሩን ተማሪ ከሒሳብ ትምህርት ነፃ ማድረግ ነው። መሣሪያው የለም፤ መምህሩ የሒሳብን ምልክት በብሬል አያውቀውም፤ ክፍሉም እንዳይዘገይ ይፈለጋል። ስለዚህ ልጁ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። በመጀመሪያ ሲታይ ሁሉም ደስ ብሎታል፤ ልጁ ከጭንቅ ዳነ፥ መምህሩ ጊዜ ተረፈው፥ ክፍሉም ምዕራፉን ጨረሰ። ልጁ ሲያድግ ግን የሒሳብ አያያዝ፥ የምጣኔ ሀብትና የኮምፒዩተር ትምህርት በር ሁሉ ተዘግቶበት ያገኘዋል። በሕፃንነቱ የተደረገለት ምሕረት በጎልማሳነቱ እንጀራውን ወሰደበት። ዓይነ ሥውርነት ቁጥርን ከማሰብ አይከለክልም፤ የከለከለው የመሣሪያና የሠለጠነ መምህር ማጣት ነው።

በአንጻሩ ደግሞ አባቶቻችን መለኪያውን ሳይቀንሱ መንገዱን ሲለውጡ ኖረዋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዜማውና ቅኔው በቃል የሚጠና ስለ ሆነ፥ ዓይነ ሥውር ተማሪ ከባልንጀሮቹ ጋር እኩል ተቀምጦ ይማር፥ ለመምህርነትም ይበቃ ነበር። ዓይነ ሥውር ስለ ሆነ ቅኔው ይቅለልለት ያለ መምህር አልነበረም፤ የጎደለ ቅኔ ከማንም አፍ ቢወጣ ጎደሎ ነው። ጉባኤውም በእርሱ ምክንያት አልዘገየም፤ ትምህርቱ የሚሰጥበት መንገድ ከመነሻው ለጆሮ የተዘጋጀ ነበርና።

ሦስተኛው የድጋፍ ዓይነት ከባዱ ነው። ይህም በሚገባ ካልተዘጋጀ በቀር በእውነት ከሌሎች ተማሪዎች ጊዜ የሚወስድ ነው። ለአንድ ልጅ ትምህርቱን ደግሞ ደጋግሞ ማስረዳት፥ ፊደል በብሬል ማስቆጠር፥ ንግግሩን ወደ ምልክት ቋንቋ መተርጐም፥ እነዚህ በ48 ሴኮንድ አይሠሩም። እዚህ ላይ ወላጆቹ ያቀረቡት ስሌት ትክክል ነው። መድኃኒቱ ግን ልጁን ማስወጣት አይደለም፤ ክፍሉን ሁሉ ማዘግየትም አይደለም፤ ሁለተኛ መምህር ማምጣት ነው። የትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. ባወጣውና በ2004 ዓ.ም. ባሻሻለው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስልት መሠረት፥ በአቅራቢያ ላሉ ትምህርት ቤቶች የሚያገለግል የድጋፍ መስጫ ማዕከል ይቋቋማል፤ በልዩ ፍላጎት የሠለጠነ መምህርም ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት እየተዘዋወረ ይረዳል። በየትምህርት ቤቱ ሁሉ የብሬል መኪናና ባለሙያ ማስቀመጥ አቅም የማይፈቅድ ከሆነ፥ ለምሳሌ በአየር ጤና፥ በቤቴልና በዓለም ባንክ ሠፈር ያሉ ትምህርት ቤቶች አንዱን ማዕከል በጋራ ቢጠቀሙ፥ ሸክሙ ከመጠን ያላለፈ ይሆናል። ልጁም ከክፍሉ ጓደኞች ሳይለይ፥ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ብሬሉንና የቀረበትን ትምህርት በማዕከሉ ያጠናል።

ስለ መስማት የተሳናቸው ልጆች ግን ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። በዚህ ረገድ ብዙ ቅን ሰዎች ይሳሳታሉ። አንድ ፈጽሞ የማይሰማ ልጅ 49 የሚሰሙ ልጆች ባሉበት ክፍል በፊት መደዳ ቢቀመጥ፥ በመዝገብ ላይ «ከሌሎች ጋር ይማራል» ተብሎ ይጻፋል፤ በእውነቱ ግን ቋንቋ በሌለው ክፍል ውስጥ ለብቻው ታስሯል። የእርሱ ችግር የወንበር ቦታ ሳይሆን ቋንቋ ነው።

ይህን ቸል ማለት ምን እንደሚያስከትል ዓለም በሰፊው አይታለች። በ1880 በአውሮጳ አቆጣጠር በኢጣልያ አገር በሚላኖ ከተማ የተሰበሰቡ፥ ከጥቂቶች በቀር ሁሉም የሚሰሙ የነበሩ መምህራን፥ መስማት የተሳናቸው ልጆች በአፍ ንግግር ብቻ እንዲማሩና የምልክት ቋንቋ ከትምህርት ቤት እንዲወጣ ወሰኑ። አሳባቸው ልጆቹን ከብዙኃኑ ጋር አንድ ማድረግ ነበር። ውጤቱ ግን በብዙ አገር የልጆቹ ዕውቀት መቀነስና የመምህራኖቻቸው ከሥራ መወገድ ሆነ። ከ130 ዓመት በኋላ፥ በ2010፥ በካናዳ አገር በቫንኩቨር የተደረገው የዚያው ዓይነት ጉባኤ ውሳኔው ስላደረሰው ጉዳት ጸጸቱን ገልጿል።

በአገራችን የምልክት ቋንቋ የራሱ ጣት ፊደል አለው። የእጁ ቅርጽ የፊደሉን ዘር፥ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያለውን ቤት ያመለክታል፤ ፊደላችንን ለሚያውቅ ሰው ይህ የሚያስደንቅ ሥርዓት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2008 ጀምሮ በአውሮጳ አቆጣጠር በዚህ ቋንቋ የዲግሪ ትምህርት ከፍቷል። ስለዚህ በእኛ አሳብ፥ መስማት የተሳናቸው ልጆች በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች በአንድነት ተሰብስበው፥ ምልክት ቋንቋ በሚያውቅ መምህር ቢማሩ፥ ከዚያም ቋንቋና ንባብ ከያዙ በኋላ ከአስተርጓሚ ጋር ወደ ተራው ክፍል ቢገቡ ይበልጣል። በቀራኒዮ ያለው ዓይነት ትምህርት ቤት ከሌሎች የተለየ ግድግዳ ነው የሚሉ አሉ፤ እኛ ግን ለብዙ ልጆች መግቢያ በር ነው እንላለን።

ለዓይነ ሥውራንም ቢሆን በመጀመሪያ መሠረቱን ይዞ ኋላ ወደ ተራው ክፍል መግባት ፍሬ ማፍራቱ ታይቷል። በ2017 በአውሮጳ አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉት የሕግ ባለሙያ የትነበርሽ ንጉሤ፥ በሻሸመኔ የዓይነ ሥውራን ትምህርት ቤት ጀምረው፥ በኋላ በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከሌሎች ተማሪዎች ጋር የተማሩ ናቸው።

አሁን ንግግራችንን ወደ እርስዎ፥ ወደ መንግሥት ሠራተኛው፥ እናዙር። በክፍሉ ውስጥ ሁለት ወገኖች የተጣሉ መስሎ የሚታየው፥ ከክፍሉ ውጭ ያልተሠራ ሥራ ስላለ ነው። የብሬል ወረቀት ግዢ ጥያቄ በመስከረም ቀርቦ ዕቃው በሰኔ ከደረሰ፥ የዓመቱን ሸክም የተሸከሙት መምህሩና ተማሪዎቹ ናቸው። ምልክት ቋንቋ የተማረ መምህር መስማት የተሳነው ልጅ ወደሌለበት ትምህርት ቤት ከተዛወረ፥ ጥፋቱ የዝውውሩን ደብዳቤ የጻፈው ክፍል ነው። መወጣጫ የሌለው ሕንፃ «ተጠናቋል» ተብሎ ርክክብ ከተፈጸመ፥ ልጁን በጀርባቸው አዝለው የሚያወጡት እናት የመሐንዲሱን ሥራ እየሠሩ ነው። ልዩ ድጋፍ የሚሹ ልጆች ያሉበት ክፍል የተማሪ ቁጥር ከሌሎቹ እንዲያንስ በምዝገባ ጊዜ ቢታሰብ፥ ያ የ48 ሴኮንድ ስሌት ራሱ ይለወጣል። እነዚህ ሁሉ በጠረጴዛ ላይ የሚያልቁ ጉዳዮች ናቸው።

ወላጅ የሆኑ አንባቢዎቻችንም ቅሬታ ሲኖራቸው በትክክለኛው አድራሻ ቢያቀርቡት መልካም ነው። «ያ ልጅ ይውጣልን» ማለት ለማንም አይጠቅምም፤ «ለዚህ ክፍል ረዳት መምህር ይመደብልን» ማለት ግን ለሃምሳውም ልጅ መሟገት ነው። የአካል ጉዳተኛው ልጅ ወላጆችም ልጃቸው ክፍል ውስጥ መቀመጡን ብቻ አይተው ሳይረኩ፥ በወሩ መጨረሻ ምን እንዳወቀ ቢጠይቁ፥ በተለይም ከአንድ ትምህርት ነፃ ተደርጓል ሲባሉ «በምን ይተካለታል?» ቢሉ፥ ለልጃቸው የነገ እንጀራ ጠበቃ ቆሙ ማለት ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ዛሬ በብዙ ክፍል ውስጥ ሃምሳውን ሎሚ ለአንድ መምህር አሸክመን፥ ለምን ወደቀበት እያልን እንከራከራለን። በጀቱን የሚያዘጋጀው፥ ግዢውን የሚፈጽመው፥ ሕንፃውን የሚረከበውና መምህሩን የሚመድበው ሠራተኛ እያንዳንዱ ድርሻውን ያነሣ እንደ ሆነ፥ አንዱን ልጅ ለመርዳት ሌላውን መበደል አያስፈልግም።